ባለሽጉጡና የኤቢሴ ዶሮዎች

ወዳጄ ዲሪርሳ፣ አካም ጅርታ? ዛሬ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ልጄ ኤቢሴ እየጎተተች እዚህ ቴክሳስ የሰፈሯ ሰዎች ስብሰባ ላይ ወሰደችኝ። እንደኛ እድር ያለ ነገር ነው። አጀንዳው አራቱ ዶሮዎቿ ይቆዩ ወይስ ይወገዱ የሚል ነው፤ ልጅቷ በሐሳብ እንቅልፍ አጥታለች።

ስንገባ ዶሮዎቹ ይወገዱ ብሎ የከሰሳት ሽማግሌ ጎረቤቷ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል! እኛ ዱላችንን እንኳ በር ላይ ትተን ነው የምንገባው። ቶሎ ቆጠርኩ፦ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት፣ መደበቂያ የሚሆን አንድ ጠረጴዛ።

"አባዬ ተረጋጋ፣ እዚህ መታጠቅም መናገርም መብት ነው" አለችኝ። "ግን ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።"

ሰውዬው ዶሮዎቹን ሲራገም ቆይቶ ደወል ሲጮህ "ይቅርታ" ብሎ ቁጭ አለ። የኛ እድር ሰብሳቢ ቢቂላ ባዶ እጁን ሁለት ሰዓት ሲያወራ ማን አስቁሞት ያውቃል?

ተራዬ ደረሰ፤ ኤቢሴ ትተረጉማለች። እንደ ወጋችን ጤናቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን፣ ዝናቡን ጠየቅኩ። ገና ዶሮዎቹ ጋ ሳልደርስ ደወሉ ጮኸ። ባለሽጉጡ ብድግ ሲል ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ።

"ከብት የለኝም፣ ድመቴ ግን ደህና ናት" አለ። "እዚህ ሰፈር እስከዛሬ ደህንነቴን የጠየቀኝ ሰው የለም። ዶሮዎቹ ይቆዩ።"

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ባለቤትህን ድንቅቱን፣ ልጆቹን፣ ቢቂላንም ሳይቀር ሰላም በልልኝ። የእድሩ ድንኳን ተቀዷል ብዬ በስብሰባ ሳላስፈቅድ በመናገሬ የቀጣኝን ሃምሳ ብር እስካሁን አልከፈልኩም።