በርበሬ ያቀላት ገጽ

ውድ ቲቸር ዑራኤል፣

ጡረታው እንዴት ይዞዎታል? የጉንችሬ ኑሮ ተስማማዎት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ የምሥራች ይዤ ነው የምጽፍልዎት። ደስታውን ከማብሰሬ በፊት ግን ዘጠኝ ዓመት ያፈንኩትን ላውጣው። የቤተ መጻሕፍቱን መዝገበ ቃላት የቀደድኩት እኔ ነኝ።

አሥረኛ ክፍል እያለን «ሃፊዛ፣ መቶ ቃል ከመሸምደድ አንዱን ግስ እስከ ሥሩ ቆፍሪ» ብለው «ራን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሰጡኝ። መሮጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስገልጠው ቃሉ ብቻውን አንድ ቅጠል ፊትና ጀርባ ሞልቷል! ውሃ ሲፈስ፣ ሞተር ሲሠራ፣ ሰው ሱቁን ሲያስተዳድር፣ ለምርጫ ሲወዳደር፣ ሁሉም ያው ቃል። መጽሐፉን ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ደወሉ ሲደወል ቅጠሏን ገነጠልኳት።

ቤት ስደርስ እናቴ ገበያ የምትሸጠውን በርበሬ በምትጠቀልልባቸው አሮጌ ወረቀቶች መሃል ሸጎጥኳት። ምን ዓይነት መደበቂያ ነው! በገበያው ቀን እናቴ እሷኑ መዝዛ የአንድ ሰውዬ በርበሬ ጠቀለለችባት። ሰውዬው ባጃጅ ሊሳፈር ሲል ደረስኩበት። «አንቺ ልጅ፣ ለዚህች ብጣሽ ወረቀት ነው ነፍስሽ እስኪወጣ የምትሮጪው?» አለኝ። በርበሬውን ፌስታል ውስጥ ገልብጬለት የቀላችውን ገጽ ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ፣ መጽሐፉን ፈርመው የተረከቡት እርስዎ ነበሩና፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብዎት። እኔ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። እርስዎም ማንንም ሳይጠይቁ ትምህርትዎን ቀጠሉ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ማክሰኞ እዚያው ትምህርት ቤት ለእንግሊዝኛ መምህርነት ተወዳደርኩ። የመረጥሽውን አስተምሪ ሲሉኝ «ራን»ን አነሳሁ። ከጥንት መነሻው ጀምሮ መሮጥም መፍሰስም አብረውት እንደነበሩ፣ ዛሬም የቧንቧውን ውሃ መፍሰስና የእናቴን መደብር ማስተዳደር አንድ ቃል እንደሚገልጻቸው አሳየሁ። ፈታኞቹ ራሳቸው ደብተር አውጥተው መጻፍ ጀመሩ! ርእሰ መምህሩ ጋሽ ሙሀመድአወል፣ ያኔ ማስጠንቀቂያውን የጻፉብዎት፣ «ይህን ሁሉ ከየት አገኘሽው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ገጿን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋት። «የቀደድኳት እኔ ነኝ። ቲቸር ዑራኤል ምንም አያውቁም። ሥራውን ብትከለክሉኝም ይህን ሳልናገር አልወጣም» አልኩ። ጋሽ ሙሀመድአወል ገጿን ጠጋ ብለው ሲያዩ በርበሬው አስነጠሳቸው። «ወላሂ፣ ያ ሰው እኮ አንዲት ቃል አልተነፈሰም» አሉ።

ቲቸር፣ አለፍኩ! ከሰባት ተወዳዳሪ አንደኛ! ሰኞ እርስዎ በቆሙበት ሰሌዳ ፊት እቆማለሁ። እናቴ ገበያውን በእልልታ አናውጣዋለች። ገጿንም ቦታዋ ላይ መልሼ ለጥፌያታለሁ፤ ተማሪዎቼ በርበሬ በርበሬ ከሸተታቸው ታሪኩን እነግራቸዋለሁ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ወረቀት ያ ማስጠንቀቂያዎ ነው። ጋሽ ሙሀመድአወል ከፋይልዎ አውጥተው በእጄ ሰጡኝ። እባክዎ፣ እርስዎ ራስዎ ይቅደዱት። ይህኛውን መቅደድ ተፈቅዷል።

ይቅርታዎን የምትጠብቅ ተማሪዎ፣
መምህርት ሃፊዛ ሸረፋ
ቡታጅራ