አላውቅም ያለው መሪጌታ

ሰኞ
አላውቅም አለ። ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ አፉን ሞልቶ። የካህናት ትምህርት ቤታችንን እንዲመራ የታጨው መሪጌታ ጥሩነህ ነው እንዲህ ያለው። ድጓችን ላይ አንድ የዜማ ምልክት ደብዝዟል። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ጭረት ነው እያልሁ አስተምሬዋለሁ። ልፈትነው ብዬ ጠየቅሁት። «አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገርዎ» አለኝ።

የኔታ ካረፉ ወዲህ ቤቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው ልልቀቅ? የምስክር ደብዳቤውን ደግሜ አየሁት። ማኅተሙ ደህና ነው። ደህና መሆኑም አላማረኝም።

ማክሰኞ
ማደሪያው ባዶ ነው። ጋቢውም መቋሚያውም የለም። ትናንት ከትምህርት በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር በአገውኛ ሲያወራ ነበር፤ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። አገውኛ አልሰማም። ወዴት ሄደ ብዬ እነሱን መጠየቅ ከበደኝ።

ረቡዕ
አልተመለሰም። ሹመቱን እሑድ በጉባኤ ለሚቆርጡት ለአለቃ ይትባረክ ጻፍሁ፦ ትምህርቱ ቢያንሰው ጥሎ ጠፍቷል። ወረቀቱን ወደ እሳቸው ከተማ ወደ ግምጃ ቤት ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠሁት። ቀለል አለኝ። ጥቂት ብቻ።

ሐሙስ
መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ለካ ዳንግላ ድረስ በእግሩ ሄዶ አንድ የድጓ መምህር ጠይቆ ኖሯል። ከተማሪዎቹ ፈንጠር አድርጎኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምልክቱ ድፋት ነው። ለልጆቹ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ከእኔ ቢሰሙት አያምርም» አለኝ።

ስንቱን አሳስቼ ሸኝቻለሁ። ግን ለምን ሸፈነኝ? እሑድ እንድመሰክርለት ይሆን?

አንዱን ዲያቆን ጠርቼ የሰኞው ወሬ ምን እንደነበር ጠየቅሁት። ወደ ዳንግላ የሚያቋርጠውን መንገድ ነበር የጠየቁን አለ። ታዲያ እኔን ስታዩ ለምን ዝም አላችሁ? አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ሲመጡ ሁልጊዜም ዝም እንላለን።»

ዓርብ
ጠዋት ተማሪዎቹን ሰብስቤ ድፋት ነው፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ አልሁ። አንድም የሳቀ የለም። ከዚያ ግምጃ ቤት ወረድሁ። አለቃ ደብዳቤዬን አንብበውታል። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። «እሑድ ጉባኤው ፊት ይህንኑ ትደግመዋለህ?» አሉኝ። እደግመዋለሁ አልሁ። ሹመቱ ለማን እንደሚሆን ግን አልነገሩኝም።

ስመለስ እግሬ ውሃ ቋጥሯል። መሪጌታ ጥሩነህ አይተው ለብ ያለ ውሃ አቀረቡልኝ። የት እንደዋልሁ አልጠየቁኝም። አውቀው ይሆን?