መንገዱን ያልተሻገርኩባቸው አራት ቀናት

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ሥራው፣ አዲሱ ቤት፣ የአገሩ አየር ተስማምቶሃል ወይ? ብርድ ሲመጣ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም በጣም ደህና ነን። ልጅቷ ስምንት ወር ሞላት፤ ሁለት ጥርስ አብቅላ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ትናንት ደንበኛ ፊት አፍንጫዬን ይዛ አልለቅም ብላ የሰው መሳቂያ አደረገችኝ።

ያልደወልኩልህ ቁጥርህ ጠፍቶብኝ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እንደ ልማዴ ቀላልጄ፣ ስለ ኳስ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ይሄ ደግሞ ተቀልዶ የሚታለፍ ነገር ስላልሆነ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

እቀናብህ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ቀለል ያለ ቅናት እንዳይመስልህ፤ እህል ውሃ የሚያስጠላ ቅናት ነበር። የፀጉር ቤቴ መስታወት የመድኃኒት ቤትህን በር ቁልጭ አድርጎ ያሳይ እንደነበር አስተውለህ ታውቃለህ? ደንበኛው የራሱን ፀጉር ሲያይ እኔ የአንተን በር አያለሁ። ባለቤቴ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስትወጣ መጀመሪያ አንተ ጋ ጎራ ትላለች፣ ከዚያ ነው ወደ እኔ የምትሻገረው። ለእርግዝናዋ የታዘዘላትን እንክብል ልትወስድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንክብል መውሰድ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ ቀን ሰዓት ይዤ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። በዚያው ቀን የጡረተኛውን መምህር ጆሮ በመቀስ ጫር አደረግሁና «ልጄ፣ ፀጉሬ ያለው ከላይ ነው» አሉኝ።

ስድስተኛ ወሯን እንደያዘች፣ ከባንኮኒው ወጥተህ ማስክ ስትሰጣት አየሁ። አደረገችው፤ አንድ ነገር አልካት፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔ ጋ ስትመጣ ለሁለት ወር አንዴም እንደዚያ አልሳቀችም ነበር። ማታ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለው ቤታችን ምን እንዳልካት ጠየቅኳት። እሷ ምን በልቧ አላት፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ክፍሏ ያሉትን ሕፃናት ግማሾቹን ሳል ይዟቸዋል፤ ኢንፍሉዌንዛ ገብቷል። እርጉዝ ሴት ላይ ስለሚከፋ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትከተብ መክረሃታል። ክትባቱ ለእሷም ለፅንሱም እንደማያሰጋ፣ እንዲያውም ልጁ ከተወለደ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንደሚጠብቀው ነግረሃታል። ትኩሳት ከያዛት ደግሞ በዚያው ቀን እንድትመጣ፣ ነገ ዛሬ እንዳትል አደራ ብለሃታል።

እኔ ምን አልኩ መሰለህ? «እሱ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪምሽ የሆነው?» አልኳት። ሚስቴን የሚያስከትባትም የማያስከትባትም ባሏ ነው ብዬ ደነፋሁ። ሁለተኛ እዚያ መድኃኒት ቤት እንዳላይሽ አልኩ። አየት አደረገችኝና «እሺ» ብላ ሳህኖቹን ማጠብ ጀመረች። እሺታዋ ክትባቱን መተዋንም የሚጨምር መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም። ለቤቷ ሰላም ብላ ነው የተወችው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ እየተንቀጠቀጠች ገባች። አጥንቴን ተቀጠቀጥኩ አለች፤ ትኩሳቷ ከብርድ ልብሱ ውጭ ያቃጥላል። ጉንፋን ነው፣ ላብ ካላበሽ ይለቅሻል አልኳት። «አንዴ እሱን ብትጠይቅልኝ» አለች፤ ስምህን እንኳ አልጠራችም። ያቺን «እሱ» የምትለዋን ቃል ለራሴ እየደጋገምኩ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ ግን በርህን ከማዶ እያየሁ አለፍኩና አራት መንገድ ተሻግሬ ሌላ መድኃኒት ቤት ገባሁ። እርጉዝ ናት አላልኩም፤ ሰውየውም አልጠየቀኝ። የትኩሳት ማብረጃና አንድ ዓይነት ካፕሱል ሰጠኝ። ማብረጃውን ዋጠች፤ የካፕሱሉን ስም አንብባ ግን አልወስድም አለች። እኔ ደግሞ የአንተ ስላልሆነ ነው የተወችው ብዬ አኮረፍኳት። የታመመች ሴት አኮረፍኩ፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ቀለል ያላት መሰለ። ሾርባ ጠጣች፤ እኔም «አላልኩሽም?» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ፤ ከፊተኛው ባሰ። መጋደም አቃታት፤ ትራስ ደግፋ ቁጭ ብላ እንደ ሯጭ ታለከልካለች። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አልቻለችም። ረፋድ ላይ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችና «ከነጋ... አልተንቀሳቀሰም» አለችኝ።

ያኔ በነጠላ ጫማ መንገዱን ተሻገርኩ። አንተ የአንዲት አሮጊት ማዘዣ እያነበብክ ነበር። ምን እንዳልኩህ አላስታውስም፤ አንተ ያልከኝ ግን ትዝ ይለኛል። «ስንተኛ ቀኗ ነው?» አልከኝ። «አራተኛ» ስልህ ዓይንህን ለቅጽበት ጨፈንክ። ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም አላልክም። አሮጊቷን ይቅርታ ጠይቀህ በሩን ዘጋህ፤ እኔ ገና ስርበተበት የጠራኸው ታክሲ መጥቶ ቆሞ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነውን አብረን አይተናል፤ እኔ ያየሁት ግን አንተ ካየኸው ይለያል። ሐኪሟ ስትጠይቅ የምትመልሰው አንተ ነበርክ። ስንት ሳምንቷ ነው? አንተ። ተከትባለች? አልተከተበችም፤ ታክሲው ውስጥ ጠይቀኸኝ ነበር፤ አንተ። የማይስማማት መድኃኒት አለ? «ፔኒሲሊን» አልክ። ለካ ካፕሱሉን ያልወሰደችው ለዚያ ነው። ለእኔም በተጋባን ዓመት ነግራኝ ነበር፤ እኔ ረሳሁት፣ አንተ መዝግበህ ያዝከው። ሐኪሟ ወደ አንተ ዞራ «ባሏ አንተ ነህ?» ስትል ደሜ ፈላ። ሚስቴ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎላት በሕይወትና በሞት መካከል ሆና፣ እኔ ኮሪደር ላይ እቀና ነበር። ይታይህ።

ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ኢንፍሉዌንዛውን ተከትሎ የሳንባ ምች ገብቷል አለችኝ። እርጉዝ ስትሆን ሳንባና ልብ ድሮም ስለሚጨናነቁ እንዲህ ያለው ቶሎ ይጠናል። የቫይረሱ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቢጀመር ይበልጥ ይረዳ ነበር፤ ቢዘገይም ግን እንሰጣታለን አለች። ተሽሎ የነበረ ትኩሳት ሲመለስ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፅንሱ ዝም ሲል አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም አለች። ነገ ዛሬ እንዳትል ብለህ አንተ ሦስት ሳምንት ቀድመህ ተናግረሃል። እኔ ግን በራሴ ማፈር ሲገባኝ ወጥቼ አንተ ላይ ጮህኩ። «ሚስቴን ከእኔ በላይ የምታውቃት ምኗ ነህና ነው?» አልኩህ። ሂድልኝ፣ ዳግም እንዳላይህ አልኩህ። አስታማሚው ሁሉ ዞሮ አየን። አንተ አልተቆጣህም፤ አልካድክም። ጫማህን ስታይ ቆየህና ሄድክ። በወሩ መድኃኒት ቤቱን ለሌላ ሰው አስረክበህ ከተማውን ለቀቅህ።

እሷ አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ወጣች። የልጅቷ የልብ ምት በመሣሪያ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ጊዜዋን ጠብቃ፣ ድምፅዋ ሰፈር የሚያውክ ሆና ተወለደች።

አሁን ብርዱ ሊገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስታችንም ተከተብን። ልጅቷ ስድስት ወር ስላለፋት ለእሷም ይሰጣል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ዙር አላት። መርፌውን ስታይ ዝም ብላ፣ እኔ ስወጋ ነው ያለቀሰችው። ጡረተኛውን መምህርም አስም ስላለባቸው እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። የሚያስል ደንበኛ ሲመጣ «ፀጉርህ ሳምንት ቢያድር አይሸሽም፤ ሲሻልህ ና» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ልጽፈው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አውጥቼ አውርጃለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ፀጉርህን ልትስተካከል መጣህ። አንገትህን ደግመህ እንድላጭልህ አደረግህ። ማናት ብዬ ብቀልድብህ ቀልተህ «ሲቆርጥልኝ እነግርሃለሁ፤ አስተማሪ ናት» አልከኝ። በሳምንቱ እኔ እየበረርኩ መጥቼ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ተዋወቅኩ፣ ላገባት ነው አልኩህ። አንተ የተላጨ አንገትህን ዳበስ አድርገህ እንኳን ደስ አለህ አልከኝ። ሚዜዬም ሆንክ። የአንተዋ የት እንደደረሰች ግን ነግረኸኝ አታውቅም፤ እኔም ደስታዬ አሰክሮኝ አልጠየቅኩህም።

ዛሬም አልጠይቅህም። መልስ ስትጽፍልኝ ይህን ዝለለው።

ይቅርታ አድርግልኝ። ቅናቱ ጨርሶ ለቆኛል ብዬ አልዋሽህም፤ እሷ «እሱን እኮ ደህና ነው ወይ አላልነውም» ስትል ዛሬም ወሬ እቀይራለሁ። ቢሆንም ና። ምሳ አብረን እንብላ፤ ልጅቷን እቀፋት። እሷና እናቷ ዛሬ በሕይወት ያሉት በማን እንደሆነ ስታድግ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥህ፤ እጅህ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። ቤትህን የሚሞላ፣ ደጅህን የሚያሞቅ ሰው ይስጥህ። ይህን የምመርቅህ ከልቤ ነው።

አብሮ አደግህ