በማሲንቆ የተለቀሰልህ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአላምረው፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ታገኛለህ? የሰው አገር ምግብ ተስማማህ? ስለ ሙቀቱ እንኳ አልጠይቅህም፤ የቆቦን ሐሩር ችሎ ያደገ ሰው የጅዳን አይፈራም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባታችን ወገቡን ቢያመውም ማሽላውን ዘርቶ ጨርሷል። ስልክህ ከገና ወዲህ አልጠራ ስላለን፣ ለፋሲካም ድምፅህን ስላልሰማን፣ ይህን ደብዳቤ በጎረቤታችን በቶይባ እጅ ልኬልሃለሁ። እረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው፤ የአገር ልጆችን አጠያይቄ አገኘዋለሁ ብላኛለች።

አሁን ወሬውን ልንገርህና ቅና። ጎሊናዎች ቆቦ መጡ! አዎ፣ ዘፈናቸውን ጧትና ማታ በስልክህ እያስጮህክ ያደነቆርከን፣ እንደነሱ እሆናለሁ ብለህ በዘይት ጣሳ ማሲንቆ ልትሠራ የባለጋሪ ፈረስ ጭራ ነጭተህ የተገረፍክላቸው ጎሊናዎች። ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተጫወቱ። ከዋጃም ከሮቢትም ከጎብዬም ያልመጣ ሰው የለም። ድምፅ ማጉያ የላቸውም፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ብቻ። ሰዉ እንዳያመልጠው ብሎ ጸጥ አለ፤ ቆቦ ላይ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ጸጥ ሲል በዕድሜዬ አላየሁም። ባለማሲንቆው ካሳው በስልክ ስሰማው ግዙፍ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ክንዴን የማያህል ሰውዬ ነው! መምታት ሲጀምር ግን ግቢውን ሞላው። ይህን አንተ ሳታየው እኔ ማየቴ ቆጨኝ።

እናታችን መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር። ኋላ ላይ ምን እንደታያት እንጃ፣ "ልጄ የሚወዳቸውን ሰዎች ልያቸው" ብላ ብድግ አለች። ያ የግንቦት ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳባት ነጠላዋን በጥድፊያ ተከናነበች፤ ጥለቱ ወደ ላይ መዞሩን እሷም አላየችም፣ እኔም ዓይኔ ካሳው ላይ ነበርና ልብ አላልኩም።

ጨዋታው ሲደራ ሰው እየተነሳ ለካሳው ግጥም ይሰጠው ጀመር። አንዱ ለእጮኛው፣ አንዱ ለበሬው። እናታችንም ሳታማክረኝ ተነሥታ ሄደችና ጆሮው ላይ አጎንብሳ እንዲህ አለችው፤

ልጄ ቢሄድብኝ በረሃ አቋርጦ፣
ዓይኔ መንገድ ያያል ከበሩ ተቀምጦ።

ካሳው ቀና ብሎ ነጠላዋን አየ። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ልጇ የሞተባት ሐዘንተኛ ናት ብሎ ደመደመ እንግዲህ፤ ማን ይፈርድበታል? ከበሮውን በእጁ ምልክት ዝም አሰኘና ግጥሟን በእንጉርጉሮ አወረደው። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ማሲንቆ ሰምቼ አላውቅም። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች "ወይኔ ልጄ! አላምረውን ነው?" እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። እናታችን ግራ ገብቷት ዞር ዞር ስትል ነጠላዋን አየችው። ገፍፋ አውርዳ፣ ገልብጣ ለበሰችና "ልጄ አለ! አለ ብያችኋለሁ! ጭፈራውን ምታው!" ብላ ጮኸች። ካሳው እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከዚያማ ከበሮው ተነሣ፣ የራያ ጭፈራ ግቢውን አናወጠው፤ አባታችን እንኳ ወገቡን ረስቶ ዱላውን ይዞ ገባበት።

ክፉ ወሬ ግን እግር አለው። በማግስቱ አክስታችን አስረሳሽ ከሮቢት "ወይ የኔ ሸጋ! ወይ አላምረው!" እያለች ንፍሮዋን አስይዛ ደረሰች። ነገሩን ስንነግራት እንደማፈር አለችና መልሳ እኛኑ ተቆጣች። ንፍሮውን እየሳቅን በላነው። አባታችንማ "ባለቤቱ በሕይወት እያለ ንፍሮው ይጣፍጣል" አለ።

አክስታችን ከሄደች በኋላ ዕቃ ሳጥብ እናታችን አጠገቤ መጥታ ቆመች። "ሀናን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለ አልኩኝ፤ አለ አይደል?" አለችኝ። "አለ እንጂ!" አልኳት። በምን አውቄ ነው ያልኳት?

እባክህ ወንድም ዓለም፣ ሥራ ጠፍቶብህ፣ አፍረህ እንደሆነ ተወው። እኛ ከአንተ ዕቃ አንፈልግም። ታመህ እንደሆነም ንገረን፤ ከማላውቀው የማውቀው በሽታ ይሻለኛል።

አባታችን "በርታ፣ ራስህን ጠብቅ" ብሎሃል። ባለቤቴ ጋሹ በጣም ሰላም ይልሃል። ልጄ ናትናኤል አጎቴን ሳሚልኝ ብሏል። አክስታችን አስረሳሽ ንፍሮዋን በሠርግህ ካልካስካት እንደማትምርህ ምላለች። እናታችን ግን ምን ልበልልሽ ብዬ ብጠይቃት ሰላምታ አላክም አለች። "ሰላምታ የሚላከው ለሚመልስ ሰው ነው። መጀመሪያ ድምፁን ያሰማኝ" ብላሃለች።

እህትህ ሀናን
ቆቦ፣ ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.