«ታካሚ» በተባለው ክላስ ውስጥ ስለጠፋው ባል

ለተከበሩ የክሊኒካችን ሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና ይሁን እያልኩ፣ እኔ በበኩሌ የመንታ ሴት ልጆች አባት ሆኜ እግሬ መሬት አልረግጥ ብሎኛልና፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ ከደስታ እንጂ ከፍርሃት አለመሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

አንደኛ፦ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ በጻፍነው ኮዳችን የአንድን ሰው መረጃ የሚይዘው «ታካሚ» የተባለው ክላስ፣ ምን ምን ፕሮፐርቲ፣ ማለትም እንደ ስምና ስልክ ያለ የመረጃ ሳጥን፣ እንዳለው ከላይ በግልጽ ይታወጅ ብዬ በለመንኩዎ ቁጥር፣ «መስመር ማባከን ነው፤ ሲያስፈልግ ራሱ ይፈጠራል» ብለው ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እውነትም ራሱ ተፈጠረ! የመመዝገቢያውን ገጽ የሠራው ባልደረባዬ በባለቤቴ መዝገብ ላይ ስልኬን «የባል ስልክ» ብሎ አስቀመጠ፤ መልእክት መላኪያውን የሠራችው ደግሞ «የተጠሪ ስልክ» ብላ ፈለገች፤ የትኛውም ስም አልታወጀምና ማሽኑ ሁለቱንም እሺ ብሎ ተቀበለ።

ሁለተኛ፦ ማሽኑን ግን አላማውም። የሌለ ነገር ተጠየቅኩ ብሎ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ ገጹን ያበላሻል ብለው አፉን ያዘጉት እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፦ ባለቤቴ ምጥ ይዟት ስትገባ፣ ክሊኒኩ ያሳውቅልኛል ብላ አመነች፤ መልእክት መላኪያው ግን «የተጠሪ ስልክ» ባዶ ሆኖበት ለእኔ ምንም አልላከም። እኔ ያን ጊዜ እርስዎ በጠሩት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ፕሮፐርቲን አስቀድሞ ማወጅ የፕሮግራመርን ነጻነት እንዴት እንደሚገፍ ሲያብራሩ በአድናቆት እሰማ ነበር። አማቴ በሩን በርግደው «አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህ ተወልደው አንተ እዚህ ታንቀላፋለህ?» ባይሉ ኖሮ፣ ልጆቼን ምናልባት ሲዳሩ እደርስባቸው ነበር።

የመጀመሪያ ለቅሷቸውን አልሰማሁም። እዚህ ላይ ሳቄ ይቋረጣል፤ ቆጭቶኛል፣ ይቆጨኛልም። ደግነቱ ይህን ስጽፍ አንዷ ደረቴ ላይ ተኝታ፣ ሌላዋ ጣሪያውን በጩኸት እያነሳችው ነውና፣ እንደ ሞኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ስማቸውንም ገና ሳይወለዱ አውጥተንላቸዋል፤ ሲያስፈልግ ራሱ ይፈጠራል አላልንም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሰፊው ኮዳችን ላይ ጥቂት መስመሮችን ቆርሰው፣ የታካሚው ፕሮፐርቲዎች በግልጽ እንዲታወጁ ቢፈቅዱልን፣ ቢያንስ የሚቀጥለው አባት በሰዓቱ ይደርሳል።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ሁለት ሕፃናት ስለያዝኩ ግን በጥንቃቄ፣

በክላስዎ ውስጥ የሌለው፣ በቤቱ ግን ተፈላጊ የሆነው አክባሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤትዎም በዚሁ ክሊኒክ የእርግዝና ክትትል መጀመራቸውን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። ስልክዎን ከአጠገብዎ እንዳይለዩ ልመክርዎ አስቤ ነበር፤ ማንም እንደማይደውልልዎ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።