ታምሜ አልተዳርኩም

ይድረስ ለወንድሜ ለሻፊ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እማስ ጉልበቷ እንዴት ነው? እህታችን ሀይፋስ እህል ትቀምሳለች ወይስ እንደሰማሁት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው? እዚያ ያላችሁት ሁሉ ደህና ሁኑልኝ። አንተም ደህና ሁን፤ ይህን እስከ መጨረሻው መስማት አለብህና።

እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ለአላህ የሚባለው እሱ ነው። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ። ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ እቀመጣለሁ። የማውቀው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ይጠፋብኛል። ስልኬን አታነሳም፤ ስታነሳም "ኔትወርኩ እንቢ አለ" ብለህ ትዘጋለህ። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት።

በላክኸው የድምፅ መልእክት "ነገሩን አታራግቢው፣ ዝም ብለሽ ነይ፣ እዚህ ዱዓ እናስደርግልሻለን" ብለሃል። "ባንቺ ምክንያት የሀይፋ ነገር ተበላሸ" ያልከውንም ሰምቻለሁ። ባንቺ ምክንያት! እሺ ጋሼ፣ በማን ምክንያት እንደሆነ ከሥሩ ላውራህ። ጋሼ የምልህም አፌ ለምዶብኝ ነው።

አገሩ በኮሮና ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ሳምንት የባሌ የአብዱልሀፊዝ ወንድም ለተወለደለት ልጅ ዐቂቃ አወጣ። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ በግ ማረድ ጎረቤት ያስቆጣል ብለው ከከተማ ወጣ ያለ እርሻ ሄድን። "ሙሽራዋ ሆድ ዕቃውን ትጠብ፣ እጇን እንይ" አሉ። ሳሩ ጉልበቴ ድረስ ነበር። ቤት ገብቼ ልብሴን ሳወልቅ ከጉልበቴ ጀርባ መዥገር ተጣብቆ አገኘሁ። አብዱልሀፊዝ "የወራቤ ልጅ መዥገር ትፈራለች እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ነቅዬ ጣልኩትና አብሬው ሳቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ጣለኝ። ኮሮና ነው ብለው ቮስሎሩስ ካለው ሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ዘጉብኝ፤ ምግቡን ደፍ ላይ አስቀምጠው ይሸሹ ነበር። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ ከሩቅ ቆማ "ሲሲ፣ ወረቀትሽ የታለ?" አለችኝ እንጂ እግሬን አላየችም። እግሬ ላይ ሲጋራ የተተረኮሰበት የሚመስል ጥቁር ቁስል ነበር። በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም አየውና "የመዥገር ትኩሳት ነው" ብሎ የሳምንት ኪኒን ሰጠኝ። ትኩሳቱ ሄደ። እኔ ግን ወደ ራሴ አልተመለስኩም። ሕመሙ ከጉልበት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ አንጓ እየዞረ ይውላል፤ ዳቦ የሞላ ሳጥን ማንሳት አቃተኝ።

ትልቁ ሆስፒታል ደሜን ደጋግሞ መረመረና ንጹህ ነው አለ። መዥገር የሚያመጣውን ላይም የሚሉትን በሽታ አንብቤ ስለነበር ስለሱ ጠየቅኋቸው። ሐኪሙ ቀና ሳይል "እሱ በሽታ በዚህ አገር መዥገር ላይ አልተገኘም። አንቺ አዲስ ሙሽራ ነሽ፣ አገሩ ተዘግቷል፣ ቤተሰብሽ ናፍቆሽ ነው። ልጅ ውለጂ፣ ይተውሻል" አለኝ። ስለ መዥገሩ ያለው ልክ ነበር። ልክ የሆነ ሰው ይህን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። አብዱልሀፊዝ ማግስቱን "ምንም የለባትም ተብሏል፤ ያለባት ስንፍና ነው" ማለት ጀመረ። ለደንበኛ ሳይቀር አወራው። ዳቦ ሊገዙ የሚመጡት ሴቶች በመስኮቱ አሻግረው "ሙሽራህ ዛሬም ተኝታለች?" እያሉ ይስቁ ነበር፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እሰማለሁ።

ከዚያ፣ ሆስፒታል የመለሳቸውን የሚያክም አንድ የግል ሐኪም አለ ተባለ፤ ዛፍ በበዛበት፣ አጥሩ ረጅም በሆነ ሰፈር። ሄድኩ። ሻፊ፣ ያ ሰው አዳመጠኝ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። "አምንሻለሁ" አለኝ፤ አለቀስኩ። ደሜን ወደ አውሮፓ ልኮ "ሥር የሰደደ ላይም ነው" አለኝ። እኔ ላቦራቶሪ የተማርኩ ነኝ፤ "በምን ዘዴ ተሠራ? ሌላ ላቦራቶሪ ቢደግመው ይህንኑ ያገኛል?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሆስፒታሎቹ የሚደብቁት ይህንኑ ነው" አለኝ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝም ክንዴን ዘረጋሁለት። የተጠማ ሰው ውሃው ከየት እንደተቀዳ አይጠይቅም፤ ጠጥቶ የማያውቅ አይፍረድብኝ።

ከክንዴ ተነስቶ ልቤ አጠገብ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አስገባብኝ። ለወራት አንቲባዮቲክ በዚያ ሲንጠባጠብብኝ ከረመ። አንድ ከሰዓት ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ ብርድ ያዘኝ። ስደውልለት "ደስ ይበልሽ፣ ተሕዋስያኑ እየሞቱ ነው፤ የመዳን ምልክት ነው" አለኝ። እየሞትኩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቱቦው መግሎ ደሜ ተመርዟል። ያው ምንም የለብሽም ያለኝ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ቱቦውን የነቀለችው ሐኪም "ማነው ይህን ያስገባብሽ? ተምሬያለሁ አላልሽም እንዴ?" እያለች አዳነችኝ። "አምንሻለሁ" ያለው ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ብትተዋወቁ ትግባባላችሁ።

ከሆስፒታል ስወጣ አብዱልሀፊዝ ሽማግሌ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ገበያ፣ ከጨርቅ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል፣ ሁሉም ማስክ አድርገው ተደርድረዋል። አብዱልሀፊዝ "በሽታዋን ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው፤ ደብቀው ሰጡኝ" አለ። እኔ ስለ መዥገሩም ስለ ቁስሉም ተናገርኩ። ሰብሳቢው ሐጂ አብዱልወሀብ "ሐኪሞቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን እኛ በምን እንፍረድ? የዳራትን ወሊይ እንጠይቅ" አሉ። ደስ አለኝ። አባባ ከሞተ ወዲህ የዳርከኝ አንተ ነህ፤ ወንድሜ ያውቀኛል አልኩ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ድምፁን ለቀቁት። "ሻፊ፣ ይህች ልጅ ከቤታችሁ ስትወጣ ጤነኛ ነበረች?" አሉህ። "ሐጂ፣ እሷ እኮ ከልጅነቷም ደካማ ናት፤ አደራ ታገሷት" አልካቸው።

ሐጂ "በቃ፣ አለቀ" አሉ። ጉድለቷ ተደብቆ የተዳረች ሴት ኒካሕዋ ይፈርሳል፤ ሰጪዎቿም አታላይ ናቸው ብለው ፈረዱ። አንተ ሰነፍ ከምትባል ደካማ ትባል ብለህ ምሕረት የለመንክልኝ መስሎህ ነበር። በጎ ማሰብህን አውቃለሁ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ፍርዱን ከሰማህ በኋላስ? "ተሳስቻለሁ፣ ጤነኛ ነበረች" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። አብዱልሀፊዝ "አንተንም ወደዚህ አስመጣሃለሁ" ስላለህ ትንፋሽህን ቆጠብክ። ወሬው ከጄፒ ወራቤ ለመድረስ ጀንበር እስክትጠልቅ እንኳ አልጠበቀም። "የዚያ ቤት ሴቶች በሽታ አለባቸው" ተብሎ የሀይፋ እጮኛ ቤተሰቦች ቃላቸውን አጠፉ። ሀይፋን እኔን የነከሰኝ መዥገር አልነከሳትም፤ የነከሳት ያንተ አፍ ነው።

የሕመሜን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዱ የለብሽም አለኝ፤ አንዱ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ስም ሰጠኝ፤ አንተ ደግሞ ከእናቴ ማሕፀን ይዤው እንደወጣሁ መሰከርክ። አሁን ኮሮና ይዟቸው የዳኑ ሰዎች ድካሙ አልለቀቀንም ሲሉ ሐኪሞች መስማት ጀምረዋል፤ ምናልባት ወረፋው እኔም ጋ ይደርስ ይሆናል። ስሙን ባላውቅ የጀመረበትን ቀን ግን አውቃለሁ። ያን ከእኔ የሚወስድ ሐኪምም ወንድምም የለም።

የምኖረው በለጥሽ ከምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ጋር ነው። ክርስቲያን ናት፤ ለሱቆች ምሳ ትሠራለች። "ስትችዪ ሽንኩርት ክተፊ፣ ሳትችዪ ተኚ፤ ለማንም አልከስሽም" አለችኝ። እስከ ዛሬ ከታከምኩት የተስማማኝ እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ የቆረጡልኝን የአገር ቤት ትኬት መልሼላቸዋለሁ። አብዱልሀፊዝ ቢለምነኝም አልመለስም፤ ለዱዓችሁም ተሸፋፍኜ አልመጣም። የምፈልገው ስሜን ነው።

ሐጂ አብዱልወሀብን ከመስጊድ ሲወጡ ጠብቄ "ምስክር ቀርቶብኛል" አልኳቸው። "አንቺ ልጅ፣ አታርፊም እንዴ?" አሉኝ። "ተኝታ ነው የምትውለው ብላችሁ ፈርዳችሁብኝ የለ?" አልኳቸው። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ። ከዚያ እሺ አሉ። በየካቲት የመጀመሪያዋ ጁምዓ ከሰላት በኋላ እንደገና ተቀምጠው ይደውላሉ። የሚደውሉት ግን በእማ ስልክ ነው።

ይህን ደብዳቤ ባንተ ስም ጻፍኩት እንጂ ላንተ አልላክሁትም። ይዞት የሚመጣው ሰው ለሀይፋ በእጇ እንዲሰጣት፣ እሷም ሁላችሁም በተቀመጣችሁበት ጮክ ብላ እንድታነበው ነግሬዋለሁ። አንተ ብታነበው "ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች" ብለህ ታጥፈው ነበር።

እማ፣ እንግዲህ ሰማሽ። ለቀዶ ሕክምና ስትገቢ ደም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ሻፊ መርፌውን አይቶ ወድቆ ነርሶቹ ሲያነሱት እኔ ጨርሼ ተነስቼ ነበር። መርምረው ነው የወሰዱት፤ የበሽተኛ ደም ለሰው አይሰጥም። ሐጂ ሲደውሉ ይህንኑ ንገሪያቸው። አታልቅሽ፣ ሌላም አትጨምሪ። ጉልበትሽን እስማለሁ።

ሀይፋዬ፣ እስከዚህ ካነበብሽ አፍሽ አይድረቅ። የተዉሽ ሰዎች ነገ እርጎ ይዘው ቢመለሱ በር አትክፈቺላቸው። የሻፊን ልጅ ጁነይድን ጉንጩን ሳሙልኝ፤ በአባቱ አፍ እሱን አልቀየመውም። ጎረቤታችንን እትዬ በቀለችንም ሰላም በሉልኝ፤ ያኛውን ወሬ ለመንደሩ እንዳደረሱ ይህንንም ያድርሱልኝ።

ሻፊ፣ ያንተን ሰላምታ ለጁምዓ አቆይቼዋለሁ። እማ ስልኩን ስታነሳ አጠገቧ ቁም ወይም ውጣ፣ እንደወደድክ። እኔ እዚያች ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ድምፁን ይለቁታል።

እህትህ ሩመይሳ

ጆሃንስበርግ፣ ጥር 13 ቀን 2014 ዓ.ም.