ግድግዳው ላይ የቀረው ልክ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፦

አባዬ፣ እንደምን ከረምክ? ያ ጉልበትህስ ብርዱን እንዴት ቻለው? አሁንም ተንበርክከህ ወለል ታነጥፋለህ ወይስ እማዬ እንደዛተችው ቤት አስቀረችህ? የእሷስ ዓይን ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደከመኝ እንጂ አልታመምኩም። ቀን ሴራሚክ አነጥፋለሁ፣ ከሥራ ስወጣ የሲሚንቶው አቧራ ከጫማዬ ሳይራገፍ ክፍል እገባለሁ። አንዳንድ ቀን መምህሯ ስታስረዳ ዓይኔ እንደተገለጠ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አባዬ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ባለፈው ደብዳቤዬ ካልኩለስ የሚሉትን የሒሳብ ፈተና አለፍኩ ያልኩህ ውሸት ነው። ወድቄ ነበር። አንተ ለልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ሳይቀር «መሐንዲሱ ልጄ» እያልክ እንደምታወራ ትንሿ እህቴ ስትጽፍልኝ ደብዳቤዋን አጥፌ ከፍራሼ ሥር ደበቅኩት። ድጋሚ ፈተና የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን ብወድቅ ከትምህርቱ መሰናበቴ ነበር።

የጣለኝ ድርብ ኢንቴግራል የሚሉት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የእኛው ሥራ ነው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ የሚለያይ የሲሚንቶ ወለል አለህ እንበል፤ ጠቅላላው ስንት ሲሚንቶ ይፈጃል? በአንዴ አይሰላም። መጀመሪያ አንዱን አቅጣጫ ባለበት ታቆመውና በሌላው በኩል አንዲት ቀጭን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ትደምራለህ። ከዚያ ረድፎቹን ሁሉ ትደምራቸዋለህ። በርዝመቱም ጀምር በወርዱ፣ ወለሉ ያው ወለል፣ ድምሩም ያው ነው። አንዳንዴ ግን በአንዱ በኩል ስሌቱ አልፈታ ብሎ ድርቅ ይላል፤ ያኔ አቅጣጫውን ታዞራለህ። እኔም አዞርኩ። ረድፉ ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚናገሩትን ልኮች ግን እንደነበሩ ተውኳቸው። መልሴ ቁጥር መሆን ሲገባው ኤክስ የሚሉትን ያልታወቀ ልክ ይዞ ወጣ። መምህሯ በቀይ «ወለሉ ስንት ነው ሲሉህ እንደ ሁኔታው ነው ትላለህ?» ብላ ጻፈችበት። ንጣፍ ሠራተኛ መሆኔን ብታውቅ ምን ትል ነበር!

እንዲያም ሆኖ አልገባኝም። የገባኝ ሥራ ላይ ነው፣ ያውም በስድብ። ባለ ሦስት ማዕዘን መግቢያ አዳራሽ ነበር፤ ንጣፉ እንደ ጣውላ የረዘመ። በርዝመቱ ልናነጥፍ የየረድፉን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ጯሂው የምንለው ፎርማናችን መጣና በወርዱ ይሁን አለ። ረድፉን የምናስተካክልበትን ሲባጎ አዞርኩ፤ መቁረጡን ግን የድሮውን ልክ ከግድግዳው እያነበብኩ ቀጠልኩ። ስድስት ሜትር የሚለውን ረድፍ ይዤ ብመጣ ቦታው አራት ሜትር! የዳሩም ቁራጭ አንዱም አልገጥም አለ። ጯሂው «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። ፈተናው ላይ የሠራሁት ስህተት ራሱ ነበር። በከንቱ የቆረጥኩት ንጣፍ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ እንባዬ።

ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አቅጣጫ ስትቀይር አውራ ጣትህን በምራቅ አርሰህ የድሮውን ምልክት ከግድግዳው ሳታጠፋ አዲስ ልክ አትለካም ነበር። እኔ ደግሞ «አባዬ በምራቅ ግድግዳ ያጥባል» እያልኩ ለጓደኞቼ ስስቅብህ!

ድጋሚ ፈተናው ላይ ያው ዓይነት ጥያቄ መጣ። ቅርጹን ሣልኩ፣ አቅጣጫውን አዞርኩ፤ እጄ የድሮዎቹን ልኮች ሊገለብጥ ሲል አውራ ጣቴን ላስ አድርጌ አጠፋኋቸው። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ረድፉን እንደ አዲስ ለካሁ። ቁጥር ወጣ አባዬ፤ ንጹሕ ቁጥር። ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ፤ ለጥቂት አልፌያለሁ።

አሁን ማለፌ እውነት ስለሆነ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ያ ውሸት ግድግዳው ላይ እንደቀረ ልክ ሆኖ አላስቀምጥ አለኝ። አጥፍቼው እንደ አዲስ ልንገርህ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ወሬ አቀባዬን ትንሿን ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርገህ ግንባሯን ሳማት። ልብስ ሰፊውን ሰላም በልልኝ፤ መሐንዲስ ለመባል ገና ሦስት ዓመት እንደሚቀረኝም ንገረው። ያንተን ግን ያን ሲሚንቶ የሰነጣጠቀውን አውራ ጣትህን ከዚሁ ሆኜ ስሜዋለሁ።

ልጅህ

ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን